ያገለገለ የዳውንሂል ሳይክል ገዛሁ፤ ቅዳሜ ተራራ ልውጣ?

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በቅርቡ ያገለገለ የዳውንሂል (የተራራ ቁልቁለት መውረጃ) ሳይክል ከአንድ ሰው በ1,400 ዶላር ገዛሁ። የ2016 ሞዴል ነው። ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ ጎማው 27.5 ኢንች ነው። ሻጩ ‹ሁለት ሰመር ብቻ ነው የተነዳው› ብሎኛል። ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ስቀመጥበት ከኋላ በጣም ይሰምጣል፤ ስለዚህ የሞላውን ቀለበት ስድስት ዙር አጠበቅኩት። የኋላ ፍሬኑ ሺማኖ ሴንት ነው፤ ስይዘው እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። ከመኪና መለዋወጫ ቤት ዶት 4 ዘይት ገዝቻለሁ፤ ልጨምርበት? ማርሹ ሰባት ብቻ ነው፤ የጎደለ ነገር አለ? ኮርቻውም በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ዘንግ ላስገባለት አስቤያለሁ። የገዛሁት በሥራ ቀን ልመላለስበት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተራራ ልወጣበት ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ተራራው ላይ ወዳለው ዊንተር ፓርክ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ምን ላድርግ? ሻጩ የራሱን ሄልሜትም በምራቂ ሰጥቶኛል።»

ምላሽ፦

ዘይቱን አትጨምር። ጠርሙሱን ሳትከፍተው መልስ።

የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። ዶት 4 ጨርሶ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ሴንት ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን ይይዘዋል፤ ወይ ፍሬኑ አይለቅም፣ ወይ ማፍሰስ ይጀምራል። ያኔ አጥቦ ማዳን አይቻልም፤ ፍሬኑን እንዳለ መቀየር ነው። ኤስራም የተባለው ሌላ ኩባንያ የሚሠራው «ኮድ» ፍሬን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ዶት 5.1 ነው የሚፈልገው፤ የማዕድን ዘይት ያበላሸዋል። ለሁሉም የሚሆን «የፍሬን ዘይት» የሚባል ነገር የለም። የሌላ ሰው ሳይክል ስትገዛ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደጨመረበት አታውቅም። ስለዚህ አንተ ባትጨምርም ያለውን ዘይት በሙሉ አስወጥተህ በአዲስ የሺማኖ ማዕድን ዘይት ተካው።

ሁለተኛው ስህተት «ዘይት ጎድሎ ነው» የሚለው ግምት ነው። እጀታው እስከ መሪው የሚመጣው በአብዛኛው አየር ስለገባ ነው። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ጨብጠህ የምትገፋው ዲስኩን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ሳይሆን ያንን አየር ነው። ለማረጋገጥ እጀታውን አራት አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጨብጠህ ልቀቅ። እየጠነከረ ከመጣ አየር አለ። ግን አየሩን ከማስወጣትህ በፊት ሸራውን እይ። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እጀታው አጠገብ ያለው ማጠራቀሚያም ይጎድላል። ከዚያ ሳይክሉ አንድ ቀን ተገልብጦ መኪና ላይ ሲጫን አየሩ ይገባል። አየሩን ብቻ አስወጥተህ ያለቀውን ሸራ ከተውከው በወሩ ወደዚያው ትመለሳለህ።

ሸራው ብረቱ ላይ የቀረው ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል። እኔ ለተራራ 1 ሚሊ ሜትር ላይ እቀይረዋለሁ፤ አንድ እርጥብና ጭቃማ ቀን ቀሪውን ሊጨርሰው ይችላል። ዲስኩን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካው። የሺማኖ ዲስክ ላይ «1.5» የሚል ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ፤ ከዚያ በታች ከሳሳ ይጣላል። ሸራው ላይ ዘይት ወይም የሚረጭ ቅባት ነክቶት ከሆነ ደግሞ ጠርገህ አታድነውም፤ ቀይረው። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ። አዲስ ሸራ ካስገባህ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ 20 ጊዜ ያህል በመጠነኛ ፍጥነት እየነዳህ፣ ሳትቆም፣ ፍጥነትህን ቀንስ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብለህ 10 ጊዜ ድገመው። ሸራውና ዲስኩ የሚተዋወቁት በዚህ ነው። ይህንን የዘለለ ሰው ፍሬኑ ይጮኽበታል፣ በትክክልም አይዝለትም።

ስለ ፍሬን ይህን ያህል ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው የሚያውቀው ሽታ አለ፤ የጭነት መኪና ፍሬን ሲቃጠል የሚሸተው። ተራራ ላይ በሳይክልም ያው ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ልጅ ሆነን በሰዓት ስንከራይ ፍሬን የሌለው ሳይክል ቢደርሰን ጫማችንን ጎማው ላይ እየጫንን እናቆም ነበር። እዚህ ያ ብልሃት አይሠራም።

ወደ ሞላው እንምጣ። ስድስቱን ዙር መልሰህ አላላው።

ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረትና ከጥቅልሉ ብዛት የሚመጣ ነው፤ በቁልፍ አይቀየርም። ስታጠብቀው የሚለወጠው መነሻው ብቻ ነው። ሳይክሉ ቆሞ ሲታይ ከፍ ይላል፤ ስትዘል ግን ያው ሞላ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ «ቋ» ይላል። አነስተኛ እብጠት ላይ ደግሞ አልታዘዝ ብሎ ያንገጫግጭሃል። ቀለበቱ ሞላውን ከነካ በኋላ ከ1 እስከ 2 ዙር በላይ አይጠብቅም።

የለካህበት መንገድም ትክክል አይደለም። «ስቀመጥበት» ብለሃል። የዳውንሂል ሳይክል ላይ ተቀምጠህ አትነዳም። ኮርቻው ዝቅ ያለና ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ስትቀመጥ ክብደትህ በሙሉ ኋላ ላይ ያርፋል። መለካት ያለብህ ፔዳሉ ላይ ቆመህ ነው። እንዲህ አድርግ። ቀለበቱን ሞላው እንዳይንኳኳ ብቻ እስኪይዘው ድረስ አላላው። ሞላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፤ «300 × 3.0» ዓይነት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥንካሬው ነው፣ በፓውንድ። ሁለተኛው ስንት ኢንች መጨፍለቅ እንደሚችል ነው። ከአሞርዛተሩ የላይኛው ብሎን መሃል እስከ ታችኛው ብሎን መሃል ለካ። ከዚያ ልብስህን፣ ሄልሜትህን፣ ቦርሳህን ይዘህ ውጣበት። ግድግዳ በአንድ ጣት ደገፍ በል። ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ፣ ፔዳሎቹን በእኩል ከፍታ አድርገህ ቁም። ጓደኛህ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሳግ ይባላል። አሞርዛተርህ 76 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ የምንፈልገው 30 በመቶውን፣ ማለትም 23 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው። ያለህ ሞላ 300 ሆኖ ልዩነቱ 30 ሚሊ ሜትር ከመጣ፣ 300ን በ30 አባዝተህ ለ23 አካፍል። 391 ይመጣል። ስለዚህ 400 የሚል ሞላ ግዛ። በአንተ ክብደት መልሱ እዚያው አካባቢ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ግን ሳትለካ አትግዛ፤ ፍሬም ከፍሬም ይለያያል። አንድ ጥንቃቄ አለ። የአዲሱ ሞላ ሁለተኛ ቁጥር አሞርዛተርህ ከሚሄደው ርቀት ማነስ የለበትም። 3.0 ኢንች የሚሄድ አሞርዛተር ላይ 2.75 ሞላ ካስገባህ ጥቅልሎቹ ቀድመው ይነካካሉ፤ ኃይሉ በሙሉ ወደ ፍሬሙ ይሄዳል። የብረት ሞላ ውድ አይደለም፤ ያገለገለም ይገኛል። ሳይክልህን የሚለውጠው ትልቁ ነገር እሱ ነው።

«ሁለት ሰመር ብቻ» የሚለውን ደግሞ በሰዓት አስበው። አንድ ሰው ሳይክሉን ጭኖ ተራራ በሚያወጣው ሊፍት እየተሳፈረ በቀን 10 ጊዜ ቢወርድ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሰመር ፓስ ያለው ሰው በአንድ ሰመር 20 ቀን ቢሄድ 50 ሰዓት ሞላ። የፎርክ አምራቹ ሮክሾክስ የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የታችኛው ክፍል ዘይት በየ50 ሰዓቱ እንዲቀየር ይመክራል። ስለዚህ ሻጩ እውነቱን ተናግሮም ቢሆን፣ ያንን አገልግሎት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማድረግ ነበረበት። ደረሰኝ ካላሳየህ አልተደረገም ብለህ ተነሳ። ሌላም አለ፤ ሳይሠራ የቆመ ፎርክም ይደርቃል። ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ሳይክል «ያልተነካ» ሊባል ይችላል፤ ጎሚኒው ግን ዕድሜውን አይረሳም።

ይህ ዓይነቱ ሳይክል ከሌላው የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለ፤ ችግሩን ይደብቃል። የመጀመሪያው የዓለም የማውንቴን ባይክ ሻምፒዮና በ1990 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ላይ ሲካሄድ የነበሩት ሳይክሎች ብዙም አይሰምጡም ነበር። አንድ ነገር ሲላላ እጅህ ወዲያው ይነግርሃል። የአንተ ግን ከፊትም ከኋላም 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰምጣል። ሰፈር ውስጥ ብትነዳው፣ ከመንገድ ጠርዝ ላይ ብትዘልበት ፍራሽ ነው። የላላ ኩሽኔታ አይሰማህም፣ የተሰነጠቀ ብየዳም አይሰማህም። የሚሰማህ ተራራው ላይ፣ በፍጥነት ስትወርድ ነው። ስለዚህ ሳይክሉን መተዋወቅ ያለብህ በመንዳት ሳይሆን በጨርቅና በእጅ ነው።

አንድ ምሽት መድብለት። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። በኃይለኛ የውሃ ግፊት አትጠበው፤ ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ካደረቅከው በኋላ የግንባር መብራት አድርገህ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ፍሬሙን ከፊት ወደ ኋላ ጥረግ። ስንጥቅ ካለ ጨርቁ ክር ይይዝለታል። በተለይ አራት ቦታ ላይ ቆይ፦ መሪው ከሚገባበት ቱቦ ጀርባ ካለው ብየዳ፣ ከፔዳሉ መሃል ዙሪያ፣ አሞርዛተሩ ከሚታሰርባቸው ጆሮዎች፣ የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት። ጭረትና ስንጥቅ አንድ አይደሉም። ጭረት ቀለሙ ላይ ይቀራል። ስንጥቅ ብየዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ በአልኮል ብትጠርገውም ጥቁር መስመሩ ተመልሶ ይታያል። ካገኘህ «ትንሽ ነው» አትበል። አሉሚኒየም ፍሬም ሲሠራ በሙቀት ይጠነክራል። ጎረቤት ያለ በያጅ ሲነካው ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። የተሰነጠቀ ፍሬም ይጣላል፣ ዕቃዎቹ ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛ አስተያየት የለኝም።

ሳይክሉን ገልብጠህ ስታየው ፔዳሉ መሃል ሥር የተመታውን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሳ። ባይክ ኢንዴክስ የሚባል የተሰረቁ ሳይክሎች መዝገብ ላይ አስገብተህ ፈልገው፤ ነጻ ነው። ንጹህ ከሆነ በራስህ ስም መዝግበው። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኘኸው ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ዶላር ሳታወጣበት ሻጩን አግኘው።

ፎርኩ ላይ ባሉት የሚያብረቀርቁ እግሮች ላይ ጥፍርህን እየጎተትክ ፈትሽ። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ፣ ፎርኩ በሰመጠና በወጣ ቁጥር ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ያዝና ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው፤ ሌላው እጅህ መሪው ሥር ይሁን። «ቀጭ» የሚል ነገር ጣትህ ላይ ከተሰማህ ወይ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይ ፎርኩ ውስጥ ያለው አልቋል። የመጀመሪያው በአምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለተኛው ሱቅ ይሄዳል።

ሁለቱን እግሮች የሚይዙት ድርብ ማሰሪያዎች ላይ ተጠንቀቅ። አንዳንድ ሰው የሳይክሉን ፊት ዝቅ ለማድረግ እግሮቹን ወደ ላይ ገፍቶ ያስራቸዋል። ከመጠን ካለፈ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ጎማው የታችኛውን ማሰሪያ ይመታል። በዚያ ቅጽበት የፊቱ ጎማ ይቆማል፣ አንተ ትቀጥላለህ። ማሰሪያውን ከሥር በመብራት እየው። የጎማ ጥቁር አሻራ ካለ አንድ ጊዜ ተነካክተዋል ማለት ነው። ፎርኩ በአየር የሚሠራ ከሆነ አየሩን አውጥተህ፣ በሰውነትህ እስከ መጨረሻ ተጭነህ፣ መካከላቸው ክፍተት መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ። ከዚያ በአሞርዛተር መንፊያ ሙላው፤ ቆመህበት ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሲሰምጥ በቂ ነው። ማሰሪያዎቹን ስታጠብቅ ደግሞ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ተጠቀም፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል። በስሜት የሚጠበቅ ብሎን አይደለም።

ለኋላው ክፍል አንድ ሙከራ ይበቃል። ሳይክሉ ቆሞ ኮርቻውን በትንሹ ከፍ፣ ዝቅ አድርግ። ጎማው ከመሬት ሳይነሳ ኮርቻው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ወይ የአሞርዛተሩ ማሰሪያ ወይ የመታጠፊያው ኩሽኔታ አልቋል። የትኛው እንደሆነ እጅህን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አሳርፈህ ስትደግመው ታገኘዋለህ። መጀመሪያ የአሞርዛተሩን ማሰሪያ ጠርጥር፤ እሱ ርካሽ ነው።

መሪውን ሳታይ ቀይረው። አሉሚኒየም መሪ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተመታ ከውጭ አይነበብም። ሲሰበር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው። ከ50 እስከ 80 ዶላር ጥሩ መሪ ይገኛል። አንዳንዱ ይህንን ማባከን ይለዋል። እኔ የማላውቀውን መሪ ይዤ ተራራ አልወርድም፣ ሌላውንም አልመክርም።

የቀሩትን ጥያቄዎችህን ባጭሩ ልመልስ። ሰባቱ ማርሽ ሙሉ ነው፤ የጎደለ የለም። ኤስራም ለዳውንሂል ብሎ የሠራው ነው። የኋላው ጥርስ ከ10 እስከ 24 አካባቢ ብቻ ነው፤ ለመውጣት ሳይሆን እየወረድክ ለመግፋት ነው የተሠራው። ኮርቻውም ዝቅ ያለው ሆን ተብሎ ነው። ቁልቁለት ላይ ሰውነትህን ወደ ኋላና ወደ ታች ስታወርድ ከፍ ያለ ኮርቻ ሆድህን ይመታሃል፣ ወደ ፊትም ይገፋሃል። ብዙዎቹ የዳውንሂል ፍሬሞች ረጅም ዘንግ ወደ ውስጥ አያስገቡም። ዘንጉ ላይ ካለው የዝቅተኛ ማስገቢያ ምልክት በላይ ካወጣኸው ደግሞ ቱቦውን ይሰነጥቃል። ተወው።

ከዚህ ተነስተህ ለሥራ መመላለሻ እንደማይሆን ገብቶሃል ብዬ አስባለሁ። ክብደቱ ከ16 ኪሎ አያንስም፣ ጎማው ወፍራም ነው፣ ተቀምጠህ እግርህ አይዘረጋም። አሞርዛተሩ ጉልበትህን ይበላዋል። ለዚያ ሥራ 150 ዶላር የሚያወጣ ተራ ሳይክል ይሻልሃል። ይህኛውን አስተካክዬ ለሁለቱም አደርገዋለሁ ካልክ ለሁለቱም የማይሆን ታደርገዋለህ።

ጎማውን ጎንና ጎኑን እየው፤ ክሩ ከታየ ይቀየራል። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ከሆነ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ፈሳሽ በኮሎራዶ ደረቅ አየር በሁለት በሦስት ወር ይደርቃል። ቫልቩን ነቅለህ ሳይክሉን ነቅንቅ፤ ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ካልሰማህ ጨምር። በአንተ ክብደት ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ አካባቢ ጀምር። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ኦሮራ ላይ የሞላኸው ጎማ ዊንተር ፓርክ ስትደርስ ይጠነክራል። እዚያ የምትነሳው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ በ25 ላይ ግን እጅህ ያውቀዋል። ስለዚህ መለኪያውን ይዘህ ሂድና እዚያው አስተካክል።

ሄልሜቱን አትልበሰው። ሻጩ መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። የሄልሜት ውስጡ አንድ ጊዜ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከውጭ ቀለሙ ሳይላጥ። የዳውንሂል ደረጃው ኤኤስቲኤም ኤፍ 1952 ይባላል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ፈልገው። አገጭ የሚሸፍን፣ አዲስ፣ በራስህ ጭንቅላት ልክ የሆነ ግዛ። የጉልበት መከላከያም ጨምርበት።

አሁን ቅዳሜን በተመለከተ። በዚህ ሳይክል አትሂድ። ሁለት ሳምንት አራዝም።

ገንዘብህን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣ፦ ሄልሜት፣ ሁለቱም ፍሬኖች አየር ማስወጣትና ሸራ፣ መሪ፣ የፎርክ አገልግሎት፣ ሞላ። ፍሬኑና ፎርኩን ባለሙያ ከሠራልህ ሄልሜቱን ሳይጨምር ከ350 እስከ 450 ዶላር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ብሩጎላና ትዕግሥት ካለህ መሪውንና ሞላውን ራስህ ቀይር፤ የፍሬኑን አየር ግን የመጀመሪያውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃህ መቆረጥ ያለበት ሞላው ነው። የማይመችህን ሞላ ይዘህ ቀስ ብለህ መውረድ ትችላለህ። የማይዝ ፍሬን ይዘህ ግን ቀስ ማለትም አይቻልም።

ጓደኞችህ ጋር ቀጠሮ ማፍረስ ካልፈለግክ ሌላ መንገድ አለ። ትሬስል ባይክ ፓርክ እዚያው የዳውንሂል ሳይክል ያከራያል፤ ለጀማሪም ትምህርት ይሰጣል። አንድ ቀን ተከራይተህ ውረድ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ጤነኛ ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ፣ ትክክለኛ ሞላ እንዴት እንደሚሰምጥ እጅህና እግርህ ይማራሉ። ከዚያ የራስህን ስትነካ የምታወዳድርበት ነገር ይኖርሃል። ያለዚያ መጥፎውን «እንዲህ ነው የሚሆነው» ብለህ ትለምደዋለህ።

የራስህን ይዘህ በወጣህበት ቀን የመጀመሪያው ዙር አረንጓዴው (ለጀማሪ የሚሆነው) መንገድ ላይ ይሁን። ትሬስል ላይ ግሪን ወርልድ የሚባለው ይሆንሃል። ጓደኞችህ ወደ ጥቁሩ (ወደ ከባዱ) ቢሄዱ ተዋቸው። ከመነሳትህ በፊት የአሞርዛተሩንና የፎርኩን የመመለሻ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረህ፣ ወደ ግራ ስትመልስ ስንት ጊዜ «ቅጭ» እንደሚል ቁጠር። መሃሉ ላይ አቁመውና ቁጥሩን ስልክህ ላይ ጻፍ። እብጠት ላይ ከኋላ ወደ ላይ የሚወረውርህ ከሆነ ሁለት ወደ ቀኝ። ተከታታይ እብጠት ላይ እየሰመጠ የሚቀር ከሆነ ሁለት ወደ ግራ። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሁለት ነገር ከለወጥክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ወዲያው ሊፍት ላይ አትሰለፍ። ጥላ ፈልገህ ሳይክሉን አቁም። የጎማዎቹን አክስል፣ የመሪውን አራት ብሎኖች፣ የአሞርዛተሩን ሁለት ብሎኖች በቁልፍ ሞክር። አዲስ የታሰረ ነገር የሚላላው በመጀመሪያው ንዝረት ነው። የፍሬን እጀታዎቹን ጨብጥ፤ ጠዋት ከነበሩበት ወደ መሪው ቀርበው ከመጡ የቀረ አየር አለ ማለት ነው፣ የዚያን ቀን መንዳት እዚያ ላይ ይቆማል። ሁሉም እንደነበረ ከሆነ ሁለተኛውን ዙር እዚያው አረንጓዴ ላይ ድገመው።